ራክሻ ባንዳን፦ የራኪ ክር ከዝግጅት እስከ ማውለቅ

ነሐሴ አካባቢ ሰሜን ሕንድ ውስጥ ገበያ ብትወጡ ሱቁ ሁሉ ክር በክር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ወርቃማ፣ ዶቃ የተሰካበት፣ ለሕፃናት ደግሞ የካርቱን ምስል የተለጠፈበት። ይህ ክር ራኪ ይባላል። እህት በወንድሟ ቀኝ እጅ አንጓ ላይ የምታስረው ነው። በዓሉ ራክሻ ባንዳን ነው፣ «የጥበቃ ማሰሪያ» እንደ ማለት፤ ሰው በየቀኑ ሲያወራ ግን በአጭሩ «ራኪ» ይለዋል።

ሕንድ ለትምህርት የሄዳችሁ፣ ዱባይ ወይም ዶሃ ከሕንዶች ጋር የምትሠሩ ሰዎች አንድ ቀን «ና፣ ራኪ ልሰርልህ» መባላችሁ አይቀርም። እንግዳ ሆናችሁ ከመደናገር አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል። ሥነ ሥርዓቱ ራሱ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሥራው ያለው ከእሱ በፊት ነው።

ቀኑንና ሰዓቱን ማረጋገጥ

በዓሉ የሚውለው በሂንዱ የጨረቃ አቆጣጠር ሽራቫን በሚባለው ወር፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ነው። ስለዚህ ቀኑ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል። በፈረንጆቹ 2025 ኦገስት 9 ነበር። በ2026 ዓርብ ኦገስት 28 ይውላል፤ በእኛ ነሐሴ 22 ቀን 2018።

ከቀኑ ይልቅ ቤተሰብን የሚያጨቃጭቀው ሰዓቱ ነው። ባድራ የሚባል ክፉ የሚባል ክፍለ ጊዜ አለ፤ በእሱ ውስጥ ራኪ አይታሰርም። የላንካው ንጉሥ ራቫና የጠፋው እህቱ በባድራ ሰዓት ክር ስላሰረችለት ነው ብለው የሚያወሩ አሉ። በ2024 ባድራ በሕንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ተኩል ገደማ ስለቆየ፣ ብዙ ሰው እስከ ከሰዓት በኋላ ጠብቆ ነው ያሰረው። በ2023 ደግሞ እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ድረስ ዘለቀና ገሚሱ ማታ አሰረ፣ ገሚሱ ለማግስቱ ጠዋት አሳደረው።

በ2026 ባድራ የሚያልፈው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። ሆኖም ሙሉ ጨረቃዋ በሕንድ ሰዓት ጠዋት አራት ሰዓት ሳይሞላ ታበቃለች። አጥባቂ ቤተሰብ ዘንድ የምትሄዱ ከሆነ በማለዳ ተነሱ። ትክክለኛውን ሰዓት ፓንቻንግ ከሚባለው የሂንዱ ካላንደር ማየት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ የምትኖሩበትን ከተማ መምረጥ ግን አትርሱ። ከተማው ሲቀየር ሰዓቱም ይቀየራል።

«መልካም ራኪ» ለማለት ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር አስታውሱ። ሁሉም ሕንዳዊ ይህን በዓል አያከብርም። ድምቀቱ በዋናነት ሰሜንና ምዕራብ ሕንድ ነው። ወላጆቻችን የሚያነሷቸው የድሮ ሕንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ነበሩ፤ እዚያ በዚሁ ወቅት የሚደምቀው በዓል ኦናም ነው። ለኬረላ ሰው «መልካም ራኪ» ብትሉት በፈገግታ ያልፋችሁ ይሆናል እንጂ በዓሉ አይደለም። ሙምባይ ባሕር ዳርቻ ያሉ ኮሊ የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች ደግሞ በዚያው ቀን ለባሕሩ ኮኮነት ያቀርባሉ።

ራኪውን መግዛት ወይም መሥራት

ገበያ ላይ ከጥቂት ሩፒ ክር እስከ ብር ጌጥ ድረስ አለ። የኔ ምርጫ ቀላሉ ነው። ትልቅ ፕላስቲክ አበባ ያለበት ራኪ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግማሽ ቀን ከታሰረ በኋላ ግን እጅጌ ላይ እየተጠላለፈ ባለቤቱን ያማርረዋል። ወንድም ቶሎ እንዳያወልቀው ከፈለጋችሁ ቀጭንና ለስላሳ ይሁን።

ቤት መሥራትም ከባድ አይደለም። የጥልፍ ክር ግዙ። ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ የተለመዱ ናቸው። ጥቁርን ብዙዎች ስለማይወዱ ተዉት። ስድስት ክር፣ እያንዳንዱ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከአንዱ ጫፍ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ቋጥሩ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ በሦስት ዘለላ ጎንጉኑ። ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ዶቃ አስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ያህል ጎንጉናችሁ ቋጥሩ። የቀረው ጫፍ ማሰሪያ ነው። ጫፉን አታሳጥሩት። ጎንጉኑ ብዙ ክር ስለሚበላ፣ ማሰሪያው አጠረና ወፍራም እጅ ላይ አልደርስ አለ የሚባለው ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ከወንድም ሌላ የወንድምን ሚስት አትርሱ። ራጃስታን በሚባለው የሕንድ ክልል ውስጥ ለእሷ የሚሆን ሉምባ የሚባል አለ። ከአምባር ላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድ፣ ጫፉ ላይ ዘርፍ ያለው ነው። የመጣው ማርዋሪ ከሚባሉት የራጃስታን ሰዎች ነው፤ ዛሬ ግን በሌላውም አካባቢ ጥንድ ተደርጎ ይሸጣል። ወንድም የሌላቸው እህትማማቾችም እርስ በርስ መተሳሰራቸው እየተለመደ ነው።

ጣፋጩ

ጣፋጭ የሌለው ራኪ የለም። ከሱቅ የሚገዛው ካጁ ካትሊ (ከካሹ የሚሠራ፣ ስስ፣ በብርማ ቅጠል የሚሸፈን)፣ ባርፊ (ከወተትና ከስኳር የሚሠራ) ወይም ጉላብ ጃሙን (ተጠብሶ ሽሮፕ ውስጥ የሚዘፈዘፍ ድቡልቡል) ነው። ራጃስታኖች በክረምት የሚሠሩት ጌቫር አላቸው፤ ክብ፣ እንደ ሰፈፍ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ በሽሮፕ የራሰ። እሱን ቤት ለመሥራት አትሞክሩ፤ የባለሙያ ሥራ ነው።

ቤት የሚሠራው ላዱ ነው፤ ከተቆላ የሽምብራ ዱቄት የሚሠራ ድቡልቡል ጣፋጭ። ሁለት ኩባያ የሽምብራ ዱቄት፣ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ የሚበልጥ የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ ኩባያ የተፈጨ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ሄል ይበቃል።

ዱቄቱ ሽሮ እንዳይሆን። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ላዱ ማንም አይበላም። ቅቤውም ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት የወጥ ቅቤያችን መሆን የለበትም። ለጋ ቅቤ ያለ ምንም ቅመም አንጥሩ።

ብረት ድስት ላይ ቅቤውን አሙቁና ዱቄቱን ጨምሩ። እሳቱ በጣም ዝቅ ይበል። ከዚያ ማማሰል ነው፤ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሳታቋርጡ። መጀመሪያ ይደርቃል፣ «ቅቤ አነሰው» ያሰኛል። አትጨምሩ። ቆይቶ ራሱ ይላላል። ቀለሙ ወደ ወርቃማ ሲዞርና የተቆላ ኦቾሎኒ የሚመስል ሽታ ሲሰጥ አውርዱት። ዱቄቱ እኛ አገር እንደሚደረገው ከተቆላ ሽምብራ የተፈጨ ከሆነ ጊዜው ያጥራል፤ ሽታውን ተከተሉ።

አሁን ትዕግሥት ያስፈልጋል። እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ እስኪሆን ጠብቁ። ትኩሱ ላይ ስኳር ከጨመራችሁ ስኳሩ ይቀልጥና ላዱው አልያዝ ይላል። ሲበርድ ስኳሩንና ሄሉን ጨምራችሁ እሹት፤ በእጃችሁ እየጨበጣችሁ ድቡልቡል አድርጉት። አልጣበቅ ካለ አንድ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ያስታርቀዋል።

ጾም ላይ አንድ ነገር ልበል። ራኪ ብዙ ዓመት ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። በ2025 ነሐሴ 3 ቀን ዋለ፣ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን። በ2026 ግን ጾሙ ካለቀ በኋላ ነው። የሚጾም ሰው ራኪ ሊታሰርለት ከሆነ ለቤቱ ሰዎች በዋዜማው ይንገራቸው። ወተትና ቅቤ እንደማትበሉ ስትነግሯቸው አይገረሙም፤ እነሱ ዘንድ ጾም በሽ ነው። ዘቢብ፣ ተምር ወይም ለውዝ ጣፋጩን ይተካል። ላዱውንም በቅቤ ፋንታ በዘይት መሥራት ይቻላል፤ ጣዕሙ ቢቀንስም ያስኬዳል።

ትሪውን ማዘጋጀት

ሁሉም ነገር የሚቀርበው ታሊ በሚባል ክብ ትሪ ላይ ነው። ናስ ወይም ብር ቢሆን ያምራል፤ የቤት ትሪ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ቢነጠፍበትም ማንም አይቀየምም። ላዩ ላይ የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው፦

- ራኪው
- ሮሊ ወይም ኩምኩም፣ ግንባር ላይ የሚደረገው ቀይ ዱቄት
- ጥቂት ፍሬ ያልተሰበረ ሩዝ
- ዲያ፣ ማለትም ጥጥ ተጠምዝዞ ቅቤ ወይም ዘይት ውስጥ የሚበራበት ትንሽ የሸክላ ኩራዝ
- ጣፋጭ
- አበባ፣ ከተገኘም ኮኮነት

ሩዙ ያልተሰበረ መሆኑ ቀልድ አይደለም። አያቶች ቁጭ ብለው ሲለቅሙ ታያላችሁ። ሙሉው ፍሬ ሙሉ ሕይወት ነው ይላሉ።

ቀዩ ዱቄት ከጠፋ እርድ በጥቂት ውኃ በጥብጡ፤ ቢጫ ምልክትም ተቀባይነት አለው። ርካሽ ቀለም ገዝታችሁ ሕፃን ግንባር ላይ ግን አታድርጉ፤ ቆዳ የሚያሳክክ አለ።

ኩራዙን በተመለከተ፣ የተማሪ ማደሪያ ውስጥ የጭስ ደወል ካለ በባትሪ የሚበራውን ተጠቀሙ። በበዓል ቀን ሕንፃውን በሙሉ ወደ ግቢ ማስወጣት አያስመሰግንም።

ማሰር፦ ቅደም ተከተሉ

እህትና ወንድም ታጥበው፣ አዲስ ወይም ንጹሕ ልብስ ይለብሳሉ። ብዙ እህቶች ራኪውን እስኪያስሩ እህል አይቀምሱም። ቤት ውስጥ የጸሎት ቦታ ካለ መጀመሪያ እዚያ ይቀርባሉ።

1. ወንድምየው ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀመጣል። ራሱ ላይ መሐረብ ጣል ያደርጋል። ወንዶች መሐረብ ፍለጋ የሚሯሯጡት በዚህ ሰዓት ነው፤ በኪሳችሁ ያዙ።

2. እህት ቀዩን ዱቄት በውኃ አርጥባ በቀለበት ጣቷ ግንባሩ መካከል ላይ ታደርጋለች። ቲላክ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ እርጥቡ ላይ ጥቂት የሩዝ ፍሬ ትለጥፋለች። የሚወድቅ ካለ ይውደቅ።

3. ራኪውን ቀኝ እጁ ላይ ታስራለች። እሱ መዳፉን ጨብጦ ወደ ላይ ይዞ ይጠብቃል። ሦስት ቋጠሮ ማሰር የተለመደ ነው፤ ለሂንዱዎቹ አማልክት ለብራህማ፣ ለቪሽኑና ለሺቫ ነው የሚሉ አሉ። ስታስር የሚደገም የሳንስክሪት ቃል አለ፤ ኃያሉ ንጉሥ ባሊ በታሰረበት ክር አስርሃለሁ፣ ክሩ ሆይ አትላላ የሚል ነው። በቃሉ የሚያውቀው ሰው ብዙ አይደለም። አብዛኛው ቤት በራሱ ቋንቋ ረጅም ዕድሜ ይመርቃል።

4. ትሪውን በሁለት እጇ ይዛ ኩራዙ እየበራ ፊቱ ፊት ለፊት ታዞረዋለች፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ። ይህ አርቲ ነው። የትከሻ ሻርፕ ከእሳቱ ይራቅ፤ ቀልድ የሌለው ማስጠንቀቂያ ነው።

5. ጣፋጩን በእጇ ታጎርሰዋለች፤ እሱም መልሶ ያጎርሳታል። ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

6. ታናሹ የታላቁን እግር ይነካል፣ ታላቁ የታናሹን ራስ ዳብሶ ይመርቃል። ቤተሰብ ከቤተሰብ ይለያል። እህት ታናሽ ብትሆንም እግሯን የሚነኩ ወንድሞች አሉ። ሌሎቹ የሚያደርጉትን አይታችሁ ተከተሉ።

7. ስጦታው ይሰጣል።

ወንድሞች ብዙ ከሆኑ በዕድሜ ቅደም ተከተል ከታላቁ ይጀመራል። የአጎትና የአክስት ልጆችም ወንድም ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ሰው እጁ እስከ ክርኑ በክር ተሸፍኖ ቢወጣ አይገርምም። ያገቡ እህቶች ከሌላ ከተማ ስለሚመጡ ባቡሩም አውቶቡሱም ይጨናነቃል። እንደ ኡታር ፕራዴሽና ሃርያና ያሉ ክልሎች በበዓሉ ለሴቶች የሕዝብ አውቶቡስ ነፃ ያደርጋሉ።

ስጦታውና ገንዘቡ

ገንዘብ በፖስታ ይሰጣል። ድፍን ቁጥር ግን አይወደድም። መቶ ሳይሆን 101፣ አምስት መቶ ሳይሆን 501 ሩፒ። ያቺ አንዷ ሩፒ መልካም ምኞት ናት። ሱቆቹ ይህን ስለሚያውቁ የአንድ ሩፒ ሳንቲም የተለጠፈበት ፖስታ ይሸጣሉ።

ተማሪ ከሆናችሁ ኪሳችሁን አታራቁቱ። ቸኮሌት፣ መጽሐፍ፣ ሻርፕ ይበቃል። ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ ግማሽ ኪሎ የታሸገ ቡና ከማንኛውም ፖስታ በላይ ይወደዳል።

ርቀት ሲኖር

ራኪ በፖስታ ይላካል። የሕንድ ፖስታ ቤት ለዚሁ የሚሆን ውኃ የማያስገባ ልዩ ፖስታ አዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ወቅቱ የዝናብ ነውና። ውስጡ ራኪው፣ በትንሽ ወረቀት የተጠቀለለ ቀይ ዱቄትና ጥቂት ሩዝ ይገባል። ወደ ውጭ አገር ሲሆን ከሦስት ሳምንት በፊት ላኩ። ሩዙንና ጣፋጩን ተዉት፤ ብዙ አገር ጉምሩክ ላይ ምግብና እህል ያስቀራል። ለተቀባዩ ሩዝ ከየትም አይጠፋውም።

ቀኑ ሲደርስ በቪዲዮ ይደወላል። እህት እያየች እዚያ ያለ ሰው ክሩን ያስራል፤ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የወንድም ልጅ። የሰዓት ልዩነቱን አስሉ፦ ሕንድ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከዱባይ አንድ ሰዓት ተኩል ትቀድማለች።

«አንተ ወንድሜ ነህ» ስትባሉ

ለእኛ አንባቢ ዋናው ክፍል ይህ ይመስለኛል። ራኪ የሥጋ ዝምድና አይጠይቅም። ክሩን የተቀበለ ሰው ወንድም ነው። በእኛ አገር የጡት ልጅ የሆነ ሰው እንደ ሥጋ ዘመድ እንደሚቆጠረው ማለት ነው። ወላጆቿ እንደ ልጅ ያዩሃል፣ ሠርጓ ላይ ይጠብቁሃል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እጅህን ዘርግተህ እንድትመጣ ይጠበቃል።

በዚህ ምክንያት የልብ ሐሳባችሁን አስቀድማችሁ መርምሩ። የክፍል ጓደኛህን በሌላ ዓይን የምታያት ከሆነ ክሩን መቀበል የለብህም። ብዙ ሴት ተማሪዎች የሚከተላቸውን ልጅ በጨዋ ደንብ የሚመልሱት በራኪ ነው። ሕንድ ውስጥ በበዓሉ ዋዜማ ከክፍል የሚጠፉ ወንዶች አሉ ሲባል እንዲሁ ቀልድ ብቻ አይደለም። አንዴ ከታሰረ በኋላ ግን ቀልዱ ያበቃል።

«ሃይማኖቴስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ሰው ሌላ ክር እጁ ላይ ሲታሰር ቢያመነታ አይፈረድበትም። ሕንድ ውስጥ ሲኮችና ጃይኖችም በዓሉን ያከብራሉ፤ ከሂንዱ እህት ራኪ የሚቀበል ሙስሊምና ክርስቲያንም አለ። በ1905 እንግሊዞች ቤንጋልን ለሁለት ሲከፍሉ ገጣሚው ራቢንድራናት ታጎር ሂንዱና ሙስሊሙ አንድነቱን እንዲያሳይ ራኪ እንዲተሳሰር ጥሪ አድርጎ፣ ሰው መንገድ ወጥቶ ተሳስሯል። የቺቶሩ ንግሥት ካርናቫቲ ለሙስሊሙ የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ለሁማዩን ራኪ ላከችለት የሚለውም ታሪክ ደጋግሞ ይነገራል፤ እሱን ግን የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል።

ቢሆንም ውሳኔው የናንተ ነው። መካከለኛ መንገድም አለ። «ክሩን በደስታ እቀበላለሁ፣ የግንባሩና የኩራዙ ግን ይቅርብኝ» ማለት ይቻላል። በዋዜማው ለብቻዋ ንገሯት። ትሪው ቀርቦ፣ እናትና አባት ቆመው እያዩ ግንባርን መሸሽ ነው የሚያስቀይመው።

ሴት ከሆናችሁ ደግሞ እናንተም ማሰር ትችላላችሁ። አብሯችሁ የሚሠራ፣ እንደ ወንድም የምታዩት ሕንዳዊ ካለ አንድ ቀላል ራኪና ጥቂት ጣፋጭ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስታውን ታያላችሁ። እህቱ አገር ቤት የቀረችበት ሰው ከሆነማ አታነሡት።

ከዲዋሊ በኋላ የሚመጣውን አትቀላቅሉ

ባይ ዱጅ የሚባል ሌላ የወንድምና የእህት በዓል አለ፤ ዲዋሊ ከሚባለው የብርሃን በዓል ሁለት ቀን በኋላ። እዚያ ላይ ዋናው ግንባር ላይ የሚደረገው ምልክት ነው እንጂ ክር የለም። ወንድም ወደ እህቱ ቤት ሄዶ ይበላል። ቤንጋሎች በግራ እጅ ትንሿ ጣት ሰንደል እንጨት ይቀቡበታል። ኔፓሎች ደግሞ በሰባት ቀለም ግንባርን ያስጌጣሉ፣ የማይጠወልግ ሐምራዊ አበባ አንገት ላይ ያጠልቃሉ። ኔፓላዊ ጎረቤት ካላችሁ የእነሱ ትልቁ የወንድምና የእህት ቀን ያ ነው።

ማውለቅ

መቼ ይወለቃል ለሚለው አንድ መልስ የለም። ገሚሱ በስምንተኛው ቀን ገደማ በሚውለው ክሪሽና የሚባለው አምላክ ልደት ያወልቃል። ገሚሱ ከዲዋሊ ሃያ ቀን ገደማ ቀድሞ እስከሚውለው በዓል፣ እስከ ዱሴራ ያቆየዋል። ክሩ በራሱ እስኪበጠስ የሚጠብቅም አለ። ቢያንስ ያን ዕለት አታውልቁት።

ሲወልቅ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም። ልማዱ ዛፍ ላይ ማሰር ወይም ወራጅ ውኃ ውስጥ መልቀቅ ነው። ይህ ግን የጥጥና የሐር ክር ዘመን ልማድ ነው። ፕላስቲክና ብልጭልጭ ያለበትን ወንዝ ውስጥ አትጣሉ፤ ዶቃውን ፍቱና ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጡት፣ ክሩን ከአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ከጥጥ ከሆነ በጊዜው ይበሰብሳል።